መለኪያ ለደንቆሮ ነው

ሰውዬው ካቻቢቴውን ሲያነሳ ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ይቆማል፣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ሳል የያዘው ሰው እንኳ ሳሉን ይውጣል። ካቻቢቴው የክንድ ርዝመት አለው። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ይተክልና ዓይኑን ይጨፍናል። ደንበኛው እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ በገዛ መኪናው ጉዳይ እንደ ተከሳሽ ይጠብቃል። ሰውዬው ዓይኑን ሲገልጥ ፍርዱ ይወጣል፦ «ቫልቭ ነው።» ወይም «ፓምፑ አልቆለታል።» ይግባኝ የለም። ጠያቂም የለም።

«ጋሽ ጆሮ» ያሉት በዚህ ነው። ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ ሲሆን፣ እውነት ለመናገር ያኔ ይገባው ነበር። በአጥሩ ውጭ የምታልፍ መኪና የትኛው ካንዴላዋ እንደማያቃጥል ከውስጥ ሆኖ ይናገር ነበር። ግን ስም ይቆያል፣ ጆሮ ያልቃል። ዕድሜ ልኩን ያለ አንዳች መከላከያ ብረት ሲቀጠቅጥና ግራይንደር ሲያስጮህ የኖረ ሰው፣ ጆሮው ከቀጭን ከቀጭኑ ድምፅ እየጀመረ ያስረክባል። መጀመሪያ የወፍ ጫጫታ ሄደ። ቀጥሎ የስልክ ጥሪ። ቀጥሎ ከኋላ ወንበር ሥር ሆኖ ነዳጅ የሚገፋው ፓምፕ የሚያሰማው ያ ቀጭን ዝዝታ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ግን ባዳ ብቻም አልነበረ፣ ጥሎት የሄደ ነበር።

ይህንን ያውቅ ነበር። ማንም እንዳያዝንለት፤ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በቀረው ነገር ሲፈርድ ኖረ፦ በመኪናው ዕድሜ፣ በባለቤቱ ፊት፣ በግምት። የሚያናግረውንም ሰው ከንፈሩን እያየ ይከተላል። ላገኘው ሁሉ «ፓምፕ ነው» የሚል ሰው አንዳንዴ መምታቱ አይቀርም። የመታው ይወራለታል። የሳተበት ደንበኛ ደግሞ መኪናውን እየገፋ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ሞኝ መባልን ስለሚፈራ ትንፍሽ አይልም። የታላላቅ ሰዎች ዝና የሚሠራው ባፈሩ ሰዎች ዝምታ ነው።

ሚስቱ ግቢው በር ላይ የመለዋወጫ ሱቅ አላት። ጋብቻቸውም ንግዳቸውም አንድ ነው፦ እሱ ይፈርዳል፣ እሷ ትሸጣለች። አንድ ጊዜ የነዳጅ ግፊት መለኪያ አምጥታ ሰጠችው፤ ክብ ፊት፣ ቀይ መርፌ፣ ረጅም ቱቦ ያለው። «ጥሩ ነው» አለና ግድግዳው ላይ ምስማር መትቶ ከነፕላስቲኩ ሰቀለው። እዚያው አቧራ ሲጠጣ ኖረ። ደንበኛ ቀና ብሎ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ጋሽ ጆሮ?» ሲለው መልሱ የተጠና ነው።

«መለኪያ ነው። መለኪያ ለደንቆሮ ነው።»

ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። ቀድሞ የሚስቀው ሁልጊዜ ጡረተኛው መምህር ነው። ጡረተኛው መምህር መኪና የለውም፤ ጋራዡ ውስጥ የራሱ ኩርሲ ግን አለው። በየቀኑ እየመጣ ጋሽ ጆሮ ለተናገረው ሁሉ «እንዴታ!» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ በጠየቀው ቁጥር ሲናደድ የኖረ ሰው፣ ማንም የማይጠይቅበት ግቢ ካገኘ ሌላ የት ይሄዳል?

ቤት ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑ ጎረቤት እስኪማረር ይጮኻል። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «በሩን ዘጋኸው?» ስትለው «እሺ» ይላል። «ማነው የደወለው?» ስትለውም «እሺ» ነው። ያልሰማውን ሁሉ በ«እሺ» ይሸፍናል፤ «እሺ» ያለ ሰው ደግሞ ምን ሰማህ ተብሎ አይጠየቅም።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ ሽምጥ ከነመኪናው መጣ።

ሽምጥ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስሙ ከአነዳዱ የመጣ ነው። መኪናዋ አንድ ቤተሰብ በሰላም ገበያ አድርሳ እንድትመልስ የተሠራች አሮጌ ትንሽ መኪና ነበረች። እሱ ግን ከተጋጨ መኪና ላይ ሞተሩ ውስጥ አየር የሚነፋ ቱርቦ ፈትቶ ገጠመላት፣ ነዳጅ የሚረጩ ትልልቅ ኢንጀክተሮች አስገባላት፣ የጭስ መውጫዋን አሰፋ። የአህያን ልብ አውጥቶ የፈረስ ልብ እንደ መትከል ነው። ስለ ደም ሥሯ ማንም አላሰበም።

ሽምጥ የሚኖረው ከእናቱ ጋር፣ ከረጅሙ ዳገት አናት ላይ ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትበራለች። ዳገቱ ላይ ቱርቦው መንፋት ሲጀምር፣ ሞተሩ አብዝቶ ነዳጅ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ትታነቃለች፣ ትንፈራገጣለች፣ ትጠፋለች። ጋሽ ጆሮ አዳመጠና «ፓምፑ ደክሟል» አለ። ተቀየረ። «ይሄም አይበቃትም» አለ። ትልቅ ገባ። ከዚያ ለውድድር መኪና የሚሆን ገባ። ነገሩ ግን ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር፦ መጀመሪያ አናቱ አጠገብ ትጠፋ የነበረችው መኪና ቀጥሎ ከመሀል፣ ቀጥሎ ከመታጠፊያው ላይ ትቆም ጀመር። ፓምፑ ሲያድግ እሷ ታንሳለች።

ሌላም ነገር ነበር። ፓምፕ በተቀየረ ቁጥር ፊውዝ ይቃጠላል። ሽምጥ ወደ እህቱ ሱቅ ሮጦ ከፍ ያለውን ይገዛል፤ ያም ሲቃጠል ከዚያ የባሰውን። ፊውዝ የሚቃጠለው ሊናገር ፈልጎ ነው። ትልቅ ፊውዝ መግጠም አፉን ማፈን ነው። ይህ ነገር ለእህቱ ገብቷት ነበር። ግን ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች፤ ዝም ስትልም ፓምፕ ትሸጥ ነበር።

ጋሽ ጆሮ ሙከራውን ሁሉ የሚያደርገው ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋ ቆማ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ነው። በሚኒሞ እሷን የመሰለች የለችም፤ እንደ ድመት ታንኮራፋለች። ሸክም ሳይጫንበት፣ ቆሞ ሲታይማ ማን የማያምር አለ?

አንድ ጠዋት የከባድ መኪና ሹፌሩ ሽምጥን ክንዱን ይዞ እየጎተተ ወደ ግቢው ገባ። ሹፌሩ የጋራዡ የቆየ ደንበኛ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይሄን ሰው ወይ እሰሩት ወይ እግሩን ስበሩልኝ!» አለ። «መታጠፊያው ላይ ድርቅ ብሎ ቆመብኝ! እኔ ሲሚንቶ ጭኛለሁ! ፍሬኔ ባይዝልኝ አሁን ከጎማዬ ሥር እየለቀማችሁት ነበር!»

«ጠፋችብኝ እንጂ አቆምኳት እንዴ?» አለ ሽምጥ።

«ለሬሳህ አስረዳው እሱን!»

እህቱ ከሱቋ ወጣች። ሽምጥ እሷን አላያትም፤ ወደ ጋሽ ጆሮ ዞሮ እየጮኸ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ አንድ በለኝ። ነገ እማማን ሐኪም ቤት አውርጄ መልሼ ማውጣት አለብኝ» አለ።

«ወንበሩን አንሳው» አለ ጋሽ ጆሮ፣ ካቻቢቴውን ከዕቃ ሣጥኑ እየመዘዘ።

ሚስቱ ጠጋ አለችው። «አንተ፣ መጀመሪያ ለብቻህ ላናግርህ።»

«በኋላ።»

«እሺ ያንን መለኪያ ለምን አታወርደውም? ነገሩ የእናቴ ነው፣ የወንድሜ ነው።»

ፊቱን ወደ ሰዉ መልሶ ነበርና የሷን ድምፅ አልሰማም፤ ጣቷ ወደ ምስማሩ ሲጠቁም ግን አየ። ሰው ተሰብስቧል። ሰው በተሰበሰበበት ጋሽ ጆሮ ከጋሽ ጆሮነቱ አይወርድም።

«መለኪያ ለደንቆሮ ነው!» አለ።

«እንዴታ!» አለ ጡረተኛው መምህር። ሰው ከመግደል የተረፈው ሹፌር እንኳ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ወደ መኪናዋ ፊት ሄዳ «ውሃዋን ልይላችሁ» ብላ ኮፈኑን ከፈተች። ጎንበስ ብላ ትንሽ ቆየችና ዘጋችው። ስትመለስ አንድ እጇ ጭብጥ ነበር።

ሽምጥ ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑን ለብቻው የሚያስነሳ ማብሪያ መሪው ሥር ገጥሟል። «አብራው» አለ ጋሽ ጆሮ። ማብሪያው ቀጭ አለ፣ ከጎኑ ያለችው ቀይ አምፖል በራች። ጋሽ ጆሮ ተንበርክኮ የካቻቢቴውን ጫፍ የፓምፑ ክዳን ላይ አሳረፈ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ግቢው ጸጥ አለ። የሰማው ያው ሰሞኑን ሁሉ የሚሰማውን ነው፦ የራሱን ደም፣ ከሩቅ እንደሚወርድ ወንዝ።

ዓይኑን ገለጠ። «ይጮኻል። እናቱን እንዳጣ ጥጃ ይጮኻል። ይሄም ፓምፕ ሞቷል። ከዚህ የሚበልጥ ይፈለግ።»

«እስቲ» አለ ሹፌሩና ተቀበለው። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ተክሎ ፊቱን አኮሳተረ። «ኧረ ጉድ! እውነትም ይጮኻል!»

መምህሩም ከኩርሲው ተነሥቶ አዳመጠ። ከሹፌሩ ያነሰ መስማት አልፈለገም። «ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል» አለ። «በተለይ ለቀቅ ሲያደርግ ልብ በሉ።»

ሽምጥ ተራው ደርሶት አዳመጠ። ቆየ። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ።

«ልምድ ይጠይቃላ!» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ።

ይህን ጊዜ ሚስቲቱ ጭብጧን ከፈተች። መዳፏ ላይ አንድ ፊውዝ ተቀምጧል።

«ይሄ የፓምፑ ነው» አለች። «አምፖሏ በራች እንጂ ፓምፑ አልተነሳም። ይሄ ሁሉ ጩኸት ከየት መጣ?»

ሹፌሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። «እኔማ አንድ ነገር ሰምቻለሁ… የልቤ ምት ይሆን? ደንግጬ ነው የመጣሁት እኮ።» መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገና ዝምታም የራሱ ድምፅ እንዳለው ማስረዳት ጀመረ። የሚሰማው ግን አልነበረም። ሁሉም የሚያየው ጋሽ ጆሮን ነው።

እሱ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሊል ተነሥቷል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፦ አሁን ነው የነቀልሽው ሊላት። ሽምጥ ከመኪናዋ ውስጥ ጎንብሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወንበሩን እየመለሰ አንድ ነገር ተናገረ። ጋሽ ጆሮ ከንፈሩን አላየም። ሰው ሁሉ መልስ እንደሚጠብቅ ግን ፊታቸው ላይ አነበበ። አፉም እንደ ለመደው ቀደመው።

«እሺ» አለ።

ሽምጥ ቀና አለ። ሹፌሩ አፉን ከፈተ።

«ምን ብሎ እንደ ጠየቀህ ታውቃለህ?» አለች ሚስቱ፤ አሁን ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች። «‹እንዲህ ሆና እማማን ነገ በዚህች መኪና ልውሰዳት ወይ?› ነው ያለህ። አንተም ‹እሺ› አልክ።»

ጋሽ ጆሮ እናቷን ያውቃቸዋል። ሲዳር እጁን ይዘው «ልጄን አደራ» ያሉት ሴት ናቸው። እኚያን ሴት መታጠፊያው ላይ አቁሞ ከጀርባቸው ሲሚንቶ የጫነ መኪና አሰበ። ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አልሰማሁም» አለ።

«እኮ ምኑን?» አለ መምህሩ።

«እሱን። እሷን። ፓምፑን። ከቆየ ምንም አልሰማም። መለኪያውን አውርዱልኝ።»

«ለደንቆሮ ነው አላልክም እንዴ?»

«አዎ። ለኔ ነው።»

ፕላስቲኩ ሲቀደድ አቧራው ተነሣ። ጋሽ ጆሮ መለኪያውን ነዳጅ ወደ ኢንጀክተሮቹ ከሚገባበት ቱቦ ላይ ገጠመ፤ ረጅሙን ቱቦ በኮፈኑ ጠርዝ አውጥቶ ክቡን ፊት ከፊት መስታወቱ ውጭ በፕላስተር አጣበቀው። ነዳጅ ያለበት ነገር ሰው ካለበት አይገባም። እጁ ሥራውን አልረሳም፤ የረሳው ኩራቱ ነበር። በሚኒሞ መርፌው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንከን አልነበረውም።

«ደህና ናት እኮ!» አለ ሹፌሩ።

«እዚህማ ሁሌም ደህና ናት» አለና ጋሽ ጆሮ ከሽምጥ ጎን ገባ። «ወደ ዳገቱ ንዳ።»

ዳገቱን ጀመሩት። ጋሽ ጆሮ የሞተሩን ጩኸት ትቶ መርፌውን ብቻ ያያል። ቱርቦው ሲነፋ የነዳጁ ግፊት አብሮ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ አየር እየጠገበ ነዳጅ ይራባል፣ የተራበ ሞተር ደግሞ ፒስተኑን አቅልጦ ይበላል። ሽምጥ ረገጠ። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንደ ሰካራም ወደ ታች ተንሸራተተ።

«እግርህን አንሳ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ጆሮ። ሽምጥ አነሣ። መኪናዋ ሳትጠፋ ተረፈች። ጥግ ይዘው ቆሙ። ጋሽ ጆሮ ወደ ኋላ ዞሮ ወንበሩን አነሣና ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ በጣቱ ነካው። እጁን ሰበሰበ። ሽቦው እንደ ካውያ ይፋጃል፤ ሶኬቱ ቀልጦ ተጣሟል።

መኪናዋ ስትሠራ ለትንሿ ፓምፕ ተብሎ የተዘረጋው ክር የሚያህል ሽቦ ነው። ሦስት ፓምፕ ተቀየረ፤ ሽቦውን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ግቢ ሲመለሱ በቴስተር ለኩ፦ ባትሪው ላይ ሙሉ የሆነው ኃይል ፓምፑ ጋ ሲደርስ ጉድለቱ አሳፋሪ ነበር። ፓምፑ ባደገ ቁጥር ብዙ ኃይል ይጎትታል፣ ሽቦው ይግላል፣ የሚደርሰው ያንሳል። እሳቱን በነዳጅ ሲያጠፉ ከርመዋል ማለት ነው።

«መጀመሪያ የገጠምኩልህ ፓምፕ ይበቃ ነበር» አለ ጋሽ ጆሮ። «ወፍራም ሽቦ ብቻ ነበር የሚያሻው።»

ሽምጥ የቀለጠውን ሶኬት ፈትቶ ወረወረው።

ከባትሪው ቀጥታ፣ ሬሌ በሚሉት ማብሪያ በኩል፣ ወፍራም ሽቦ ዘረጉ፤ ፊውዙንም በልኩ አደረጉት። ማታ ሳይደርስ ዳገቱን ደገሙት፤ መርፌው ወጣ፣ እዚያው ቆመ፣ አልወረደም። በማግስቱ እማማ ሐኪም ቤት ደርሰው ተመለሱ። ሲያማርሩ የዋሉት ስለ ልጃቸው ዝላይ እንጂ ስለ መቆም አልነበረም።

ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ጋሽ ጆሮ ሚስቱን አፍጥጦ ጠየቃት። «አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ሽቦውን? ፊውዙ ሁለተኛ ሲቃጠል። ጆሮህን? እሱንማ ከዚያ በፊት።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

ዕቃ መደርደሯን አላቆመችም። «ላንተ ክብር ነው ብዬ እንዳልዋሽህ። አንተ በፈረድክ ቁጥር ሱቁ ይሸጥ ነበር።»

እንግዲህ ንጹሕ የለም። አንዱ የማይሰማውን ሰማሁ ሲል፣ አንዷ የምታውቀውን ደብቃ ስትሸጥ፣ የቀሩት አብረው ሲሰሙ፣ መሀል ላይ አንዲት አሮጊት ከነልጃቸው ሊቀጠፉ ነበር። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ያለው ሰው ምንኛ ለስላሳ ኖሯል! በአረም ብቻ መች ተመለሱ?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደንበኛ ሁሉ «የታመነ መካኒክ ተገኘ» ብሎ በተሰለፈ ነበር። አልተሰለፈም። ከሰሞኑ ባንዱ ቀን የከባድ መኪና ሹፌሩ መጣ፤ የልቡን ምት እንደ ፓምፕ የሰማው ያው ሰውዬ።

«ጋሽ ጆሮ፣ ሞተሬ ያንኳኳል። እስቲ ጆሮህን ጣል አድርግበት።»

«አልሰማም አልኩህ እኮ። ግፊቱን ልለካልህ።»

«ኧረ ተው፣ ትሕትናህን እዚያው!»

«ደንቁሬያለሁ!»

«አንተ ደንቁረህ እንኳ ከሌላው ትሻላለህ» አለ ሹፌሩ፣ ካቻቢቴውን ከመሬት አንሥቶ እየዘረጋለት። ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን አየው። ሹፌሩን አየው። ግቢው በሙሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ አንዲት ጊዜ ብቻ ዓይኑን ቢጨፍን ያ ሁሉ ክብር ተመልሶ ይመጣል። ካቻቢቴውን ተቀበለና መለኪያው ተሰቅሎበት ከነበረው ምስማር ላይ አንጠለጠለው።

ሹፌሩ ተቀይሞ ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ገባ፤ እዚያ የጋሽ ጆሮ የድሮ ሠራተኛ ጋራዥ ከፍቷል፣ በሩ ላይ ትልቅ ጆሮ በቀለም አስሎ። በሁለት ካቻቢቴ ነው የሚያዳምጠው ይባላል፣ ለግራም ለቀኝም። ጡረተኛው መምህርም ኩርሲውን ይዞ ከተሻገረ ቆይቷል።

ጋሽ ጆሮ የሽምጥ ጓደኛ ያመጣትን መኪና ኮፈን ከፍቶ መለኪያውን እየገጠመ ነው። ሚስቱ ከሱቋ በር አንድ ነገር ተናገረች።

«አልሰማሁም» አለ ሳይዞር። «ድገሚው።»

ጮክ ብላ ደገመችው። «ማዶ ስንት ሰው እንደ ተኮለኮለ አየህ ወይ ነው የምልህ!»

ቀና ብሎ አየ። ማዶ መዶሻው ቆሟል። ሰው ሁሉ አንገቱን ሰብሮ፣ እጁን አጣምሮ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።

«አየሁ» አለ። «ዓይኔ ደህና ነው።» ወደ መርፌው ተመለሰ።